አተላ የጫነችው ጀልባህ

ታኬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር አለፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ሙት ዓመትህ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፍኛለሁ። የአናጢ ዕቃህን ማንም አልነካውም፤ መጋዝህ እንዳይዝግ ዘይት ቀብቼ በቦታው ሰቅዬዋለሁ። በደህናው ልጀምርልህ ብዬ ነው እንጂ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነው። ሳስበው እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

ለእናትህ ብለህ የሠራሃትን ጀልባ ታስታውሳለህ አይደል? እማሆይ ከአባይ ማዶ ሆነው ለማርያም ንግሥ መሻገር እያቃታቸው ሲያለቅሱ ሰምተህ ነበር የጀመርካት። መንገዱ ወንዙን የሚያገኘው ውሃው ከድንጋይ እየተጋጨ አረፋ በሚደፍቅበት ቦታ ነው፤ ሌላ መውረጃ የለንም። ስለዚህ ውሃ ብትሞላም እንዳትሰምጥ ብለህ ባዶ ጀሪካን አጨቅህባት፤ ስድስቱን ከፊት ስድስቱን ከኋላ፣ ከመኪና ጎማ ውስጥ በወጣ ካላማዳሪ ጠፍረህ። ክዳኑን በጧፍ ሰም አሽገህ እያንዳንዱን ውሃ ውስጥ ትደፍቀውና፣ አረፋ ይወጣው እንደሆነ አጎንብሰህ ታይ ነበር። ሁለት ትርፍ ጀሪካን ደግሞ ከመሃል ወለሉ ሥር አስገብተህ በጣውላ ቸነከርህባቸው። ተቀምጦ የሚቀዝፍ ይገለበጣል፣ ተንበርክኮ ነው ትል ስለነበር፣ ጉልበታችን እንዳይላጥ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠህ አጣበቅህ። የውሃ መጥለቂያዋን ጣሳ እንኳ እንዳትወድቅ በሲባጎ አሰርካት። ሙሽራ አስመሰልካት ብዬ ስስቅብህ ተቆጣኸኝ።

አንተ በወንዙ አልሞትክም። ጉበትህ አልጋ ላይ ጣለህና በዚያው ቀረህ። እማሆይን ለተዝካርህ ያሻገረቻቸው ያችው ጀልባ ናት፤ በሰላም መጡ።

በተዝካሩ ዋዜማ ጠላው ተትረፈረፈና ጋኑ አልበቃ አለ። ወንድምህ አያልነህ አህያ ይዞ መጣ፤ ጀሪካኖቹን ከጀልባዋ ፈትቼ ላምጣ፣ ለአንድ ቀን ነው አለኝ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልዋሽህም። ለባሏ ተዝካር ጀሪካን ነፈገች እንዳልባል ይሉኝታ ያዘኝ። ከሁሉ ከሁሉ የምጸየፈው ይህን አፌን ነው።

አያልነህ ካላማዳሪውን የፈታው እንዳይመስልህ። በቢላዋ ቆረጠው። ስድስት ቀን የተጨነቅህበትን እስር!

በነጋታው ሰው በጀሪካኖችህ የተሞላውን ጠላ እየተቀዳለት ስለ አንተ ጥንቃቄ አወራ። ጥንቃቄ! እየጠጡት እኮ ነው። ጠግበው ሲሄዱ ጀሪካኑን ማን ይጠብ? አያልነህ ሳያጥብ እንዳለ ወስዶ ጀልባዋ ላይ በገመድ አሰረው። ግማሹ ክዳን ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል፤ አንዳንዱ በፌስታል። ውስጡ አተላ። ትንኝ ይወጣበታል። ከሩቅ ሲያዩት ግን ጀልባዋ እንደ ድሮዋ ናት፤ አሥራ ሁለቱም በቦታቸው።

በሦስተኛው ቀን እማሆይን ልንመልሳቸው ወረድን። ጀልባዋ ውስጥ ስገባ ሽታው ፊቴን መታኝ። አያልነህን ጠየቅሁት፤ ሽታ አያሰምጥም ብሎ ሳቀ። እማሆይ በሐዘን ደክመው ነበርና ተመልሰን ዳገቱን እንውጣ ማለት ከበደኝ። ደግፌ አሳፈርኳቸው። ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነው።

አያልነህ እንደ ሹም ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር የሚቀዝፈው። አረፋው ጋ ስንደርስ ጀልባዋ ድንጋይ ነካች፣ ዘመመች፣ ውሃ ገባ። ቆረቆንዳው እየተስፈነጠረ ወጣ፤ ጀሪካኖቹ ውሃውን ጠጡት። ከሥራችን ወረደች፣ ታኬ። እስከ ደረታችን ወረደች። ከዚያ ግን ቆመች። አልሰመጠችም። እነዚያ ከወለሉ ሥር የቸነከርካቸው ሁለቱ፣ አያልነህ መንቀል አቅቶት የተዋቸው፣ እነሱ ያዙን። እማሆይን በመቀነታቸው ጨምድጄ ይዤ እየተንሳፈፍን ማዶ ዳር ደረስን። ነጭ ነጠላቸው ላይ የልጃቸው ተዝካር አተላ ተለጥፎ ነበር። በእጄ ጠረግሁላቸው፤ ከዚያ ዞር ብዬ አስመለሰኝ።

እማሆይ ዳግም ጀልባ እንደማይረግጡ ማሉ። አያልነህስ? እናቴን ከአባይ አፍ አወጣሁ እያለ በየጠላ ቤቱ ይፎክራል። ኤዲያ! ሰው እንዴት አያፍርም?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጣልህ። ለሙት ዓመቱ ጠላ መያዣ አነሰን፣ ጀሪካኖቹን ፍቀጂልኝ አለኝ። ቱ! በሩ ላይ እንደቆመ እስኪበቃኝ ነገርኩት። አሁን ዘመድ ሁሉ ንፉግ ይለኛል። ይበለኝ። እኔን ያስጨነቀኝ የጠላው ነገር አይደለም፤ እናትህ በዓመትህ መቃብርህ ላይ ሳይቆሙ መቅረታቸው ነው።

የድሮዎቹን ጀሪካኖች በአመድና በፈላ ውሃ ብፈትጋቸው ሽታው አልለቅ አለ፤ ጣልኳቸው። አዲስ ለቃቅሜ፣ ክዳናቸውን በሰም አሽጌ፣ ውሃ ውስጥ ደፍቄ አረፋ እያየሁ፣ በካላማዳሪ ጠፈርኳቸው። አስተሳሰሬ እንዳንተ አያምርም። ግን ጠብቋል።

ትናንት እማሆይን ልናመጣ ተሻገርን። ሌላ ቀዛፊ ስላጣሁ አያልነህን ከፊት አደረግሁት፤ አንበርክኬ። የኋላውን መቅዘፊያ እኔ ያዝኩ። እማሆይ ማዶ ዳር ላይ ቆመው ብዙ አመነቱ። በኋላ ጎንበስ አሉና አፍንጫቸውን ወደ እያንዳንዱ ክዳን እያስጠጉ አሸተቱ። አሥራ ሁለቱንም። አያልነህ አንገቱን ደፋ። ጨርሰው አማተቡና፣ አንተ ባጣበቅኸው ስፖንጅ ላይ ተንበረከኩ።

በሙት ዓመትህ ጠላ ያነሰው ይነሰው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከዚያች ጀልባ አንድ ክዳን አይፈታም፤ ሰም በቀባሁ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። አሁን እናትህ እዚህ መደብ ላይ ተኝተዋል። ነጠላቸው እንኳ አልረጠበም።

ባለቤትህ