ባንቺ ስም የጠየቅሁት ይቅርታ

ለልጄ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ መልስ እንደማትሰጪኝ እያወቅሁ እጠይቃለሁ። ለእኔ አታስቢ፤ አላሰብሽምም። ቆላው ነዷል፣ ማሽላው አንድ ጎርፍ ብቻ ጠጥቶ ቆሟል፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው። አጎትሽ አራጌም አለ፤ ሰላምታውን መቀበል ግን ትቻለሁ። ይህን የምታደርስልሽ ጎረቤታችን መይሙና ናት። ሳታነቢው እንዳትቀጂው። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

“ከእንግዲህ እናቷ ነኝ ብለሽ እዚህ ግቢ እንዳትመጪ” ብለሽ ጻፍሽልኝ። አንብቤዋለሁ። ድሮ ቢሆን የሚያነብልኝ ሰው ያለሰልሰው ነበር። ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ኖሯል።

አሁን የእኔን ስሚ። በስልክ ምን ነበር ያልሽኝ? “ከአንድ መምህር ጋር ተጣልቻለሁ፤ ውጤቴን ይዞብኛል፤ ልባረር እችላለሁ” አልሽ፣ ኔትወርኩ ተቆረጠ። በእኛ በራያ ትንሽ ሰው ከትልቅ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይሄዳል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ማን በደለ ተብሎ የሚጠየቀው ከታረቁ በኋላ ነው። አራጌንና ሸህ ሙህሲንን ይዤ ከቆቦ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ዩኒቨርሲቲሽን ደግሞ አየሁት። በሩ ላይ ዘበኛው “መታወቂያ” አለ። ሸህ ሙህሲን የቀበሌያቸውን ሰጡት። “የተማሪ ነው ያልኩት” ብሎ ሳቀባቸው፤ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። አንቺ ፈተና ላይ ነሽ ተብሎ የዶርም ጓደኛሽ ብሩክታዊት ወጥታ አስገባችን። ወንዶቹን ዛፍ ሥር አስቀምጣ እኔን ዶርም ወሰደችኝ። ስምንት ሴት ባንድ ክፍል! እኔ ፍየሎቼን እንዲህ አላጉርም። ውሃው ጎህ ሲቀድ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል አሉኝ፤ ጀሪካኑ በየአልጋው ሥር ተደርድሯል። ከካፌ ያመጣችልኝን ወጥ ቀመስኩት። ምስር ነው አለችኝ፤ ምስሩን ፈልጌ አጣሁት። ለዚህ ነው አገር መርቆ የላከሽ?

ደብተሮችሽ ራስጌሽ ተቆልለው አየሁ። “እማማ፣ እሷ ከላይብረሪ የምትወጣው ዘበኛ ሲያስወጣት ነው፤ መምህሮቹ ካሉበት ሕንፃ ግን ብቻዋን መሄድ ትታለች” አለችኝ ብሩክታዊት። ለምን አልኳት። መሬት መሬት እያየች “እሷ ትንገርዎት” አለች። እኔም ሳልገፋ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለስኩ።

ልመና የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድምና ሸህ ሙህሲን ከግቢው እርጥብ ሳር ነጩ። አትክልተኛው “ሳሩን! ኧረ ሳሩን! ማንበብ አትችሉም? ተጽፏል እኮ!” እያለ ሮጠ። “አይረገጥም ነው የሚለው፤ አይነጭም አላለም” አልኩት። አራጌ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በዚያ መምህር ቢሮ ደጅ ሳሩን ይዘን ቆምን። ሽማግሌዎቹ መሬት ተቀመጡ። “ልጃችን ብታጠፋ ልጅ ናት፤ እሺ ካላልከን አንነሳም” አሉት። አባቶቼ፣ አባቶቼ እያለ ደግፎ አነሳቸው፣ ለስላሳ አስመጣልን። ወረቀትም አስመጣ። እነሱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔ ግን ቀለሙን ገፋ አድርጌ “እስኪርቢቶ ስጡኝ” አልኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ ስምሽን አገኘሁ፣ ይቅርታ የሚለውን አገኘሁ፣ የቀረው የቢሮ አማርኛ ነው ብዬ ፈረምኩ። ኮራሁ። መኪና እንዳያመልጠን አንቺን ሳናይ ተመለስን፤ “ነገሩ አልቋል በያት” ብዬ ለብሩክታዊት ነግሬ።

በወረቀቱ ላይ “በሐሰት መክሰሷን አምና” የሚል እንዳለበት ያወቅሁት ካንቺ ደብዳቤ ነው። እሱ ቢሮውን ቆልፎ ያደረገሽን፣ አንቺ መክሰስሽን፣ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ በእኔ ፊርማ ክሱን መዝጋቱን፣ ሁሉንም ካንቺ ደብዳቤ።

ታዲያ ንገሪኝ እንጂ! ለብሩክታዊት ስትነግሪ እናትሽን ምን ሆነች ብለሽ ዘለልሻት? የገጠር ሴት ናት፣ አይገባትም ብለሽ? ስለ እኔ ምን ታውቂያለሽ? ውሃ ልቀዳ ወጥቼ በቀረሁ በአራተኛው ቀን አባትሽ ለአባቴ ሽማግሌ ላከ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ታረቁ ተብሎ ፍየል ሲታረድ እኔ በሰው ቤት ጓዳ ነበርኩ። ከማን ጋር እንደተጣላሁ የጠየቀኝ የለም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ትናንት ለአራጌ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ አልኩት። “የታረቀ ነገር አይነካካም፤ አገር ይታዘበናል” አለኝ። “አገር አርባ ዓመት ሲያየኝ ምን አለ?” አልኩት። ተነስቶ ሄደ።

ሰኞ እመጣለሁ። ወንድ አላስከትልም። ልጄ አልላከችኝም፣ አልዋሸችም፣ ሳላውቅ ነው የፈረምኩት ብዬ በቃሌም በጽሑፌም እሰጣለሁ። በሩ ላይ ከከለከሉኝ እስኪያስገቡኝ እዚያው እቀመጣለሁ። አንቺ ካልፈለግሽ ወደ ዶርምሽ ዝር አልልም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ ይቅር የተባለ ሰው እንዴት ተዝናንቶ እንደሚኖር ባንድ ቤት ኖሬ አይቻለሁ።

አላህ አንደበትሽን አይያዘው፣ ልብሽን ያጽናው፣ ከጠላትሽ ፊት ቀና አድርጎ ያቁምሽ። ምግብ ብዪ፤ ከስታለች አሉኝ።

ብትክጂኝም፣
እናትሽ