በስልክ የማይነገር የይለፍ ቃል

ሐሙስ፣ ጥር 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ከሚሴ

ዛሬስ ደክሞኛል፤ ጉልበቴም ወገቤም የእኔ አይመስሉም። ባቲ ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥኩ የእህቴ ልጅ ዘሀራ ከመሥሪያ ቤታችን ደወለች።

«አጎቴ፣ የከብቱን ዝርዝር የሚያወጣው ዳታቤዝ አልጫን አለኝ። ኮምፒውተሩ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል አምጪ ይላል። ዝርዝሩ ዛሬ ካልተላከ ለወረዳችን ለጨፋ ከብቶች የመጣው ክትባት ለሌላ ወረዳ ይሄዳል። ቃሉን ንገረኝ!»

ከእኔ በቀር ማንም ፕሮግራም እንዳይጭን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ፤ ባልደረቦቼ ኮምፒውተሩን በጌም ሞልተውት ነበር። ቃሉን ግን እንዴት ልንገራት? ለቀልድ ብዬ ይለፍ ቃል ያደረግኩት በኃላፊያችን ቦርጭ ላይ ያወጣሁትን ስድብ ነው። ግራና ቀኜ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ። በስልኩ ውስጥ ደግሞ ኃላፊው ራሱ «ምን አለሽ? ምን አለሽ?» ይላታል።

«መጣሁ» አልኳት። ሦስት ቀን ሳይሞላ ከለቅሶ መነሳት ነውር ነው፤ ቢሆንም በሚኒባስ በኮምቦልቻ ዞሬ ገባሁ። ጣቴን በኮቴ ሸፍኜ ቃሉን ጻፍኩና ከእንግዲህ ራሷ እንድትጭን ለዘሀራ ፈቃድ ሰጠኋት። ሳይመሽ ዝርዝሩ ሄደ።

«አሁንማ ጫንልን ብለን አንለምንህም፤ ምን ልትሠራ ነው?» አለች እየሳቀች።

ኃላፊው ትከሻዬን ያዘኝ። «ለሥራ ብለህ ለቅሶ ጥለህ መጣህ! ወላሂ፣ እንዳንተ ያለ ሰው የለንም።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ቃሉን ልቀይር ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሱ ግን ሻይ አዞልኝ ከጀርባዬ ቆሞ እስክጠጣ ጠበቀ። ሳልቀይረው ወጣሁ።