የአመድ ውሃ እና ካርቡራተሩ

ኅዳር 2 ቀን 1974

ዛሬም ላንድሮቨራችን የቡሌን ዳገት እምቢ አለች። ባሌ ነዚፍ የቡሌ መንገደኞችን መንገድ ላይ አውርዶ ባዶዋን ወደ ዲላ መለሳት። አንዷ ሴትዮ "በእግሬ ብወጣ ይሄኔ ደርሻለሁ" አለችው አሉ። ነዚፍ ሲናደድ አይጮህም።

በኋላ ተነፈሰ። "ለነጋዴው ለኡስማን እሸጣታለሁ። እኔም አሰብ ወርጄ የመንግሥት ከባድ መኪና እነዳለሁ።" ለካ ማመልከቻ አስገብቷል! ለኔ ሳይነግረኝ… አሰብ የት፣ ዲላ የት? ልጃችን ራዚያ ገና ዳዴ እያለች ነው። ሲመጣ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ትበለው?

በስንት ልመና እስከ ኅዳር 15 ቀን ሰጠኝ። ሞተሩ አልሞተም። ቆሽሿል፣ በቃ። ቆሻሻ ደግሞ እኔ አውቅበታለሁ።

ኅዳር 4

ነዚፍ ሞተሩን ጓሮ ፈታታው። ቴስታታ የሚሉት የላይኛው ክፍል ከድስት ቂጥ የባሰ ጠቁሯል። የቀበሌው ሱቅ ነጭ ጋዝ የለውም። "በሚመጣው ሳምንት" ይላሉ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ!

ታዲያ ምን ቸገረኝ? አመድ በውሃ ዘፍዝፌ አጠለልኩ፣ አፈላሁ፣ ነከርኩት። እናቴ ቡልኮ የምታጥበው በዚሁ ነው። "የሞተር ዕቃና ቡልኮ አንድ ሆነልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ብረቱ ፏ ብሎ ወጣ። እስቲ አሁን ይሳቅ!

ኅዳር 5

ጉድ ሠራሁ።

ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሩንም ነከርኩት። ገና ሲገባ ቸስ አለ፣ አረፋው ገነፈለ። "ና እይ፣ ቆሻሻው እንዴት እንደሚወጣ!" ብዬ ተጣራሁ። ነዚፍ ሮጦ መጥቶ በእንጨት አወጣው። ተበልቷል… የሚወጣው ቆሻሻ አልነበረም። ራሱ ካርቡራተሩ ነው የሚሟሟው። ከብረት ብረት እንደሚለይ ማን ነገረኝ?

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 6

አልቅሼ ጨረስኩ። ልቅሶ ካርቡራተር አይሆንም። ነገ ይርጋጨፌ፣ መካኒኩ ጋሽ ወልዱ ጋ።

ኅዳር 7

ጋሽ ወልዱ እስኪያስላቸው ሳቁ። "አሉሚኒየም በአመድ ውሃ? ወጥ ልትሠሪው ነበር እንዴ ልጄ?" ምን ላድርግ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ያጠብኩትን የቴስታታውን አንድ ቫልቭ ከነጠላዬ ፈትቼ አሳየኋቸው። አገላበጡት።

"ይሄን ማን አጠበው?"

"እኔ።"

ተነስተው ጓዳ ገቡ። ከአንዲት የሞተች መኪና የወለቀ፣ ጭቃና ግራሶ የጠጣ ካርቡራተር አወጡ። "ካጠራሽው ያንቺ ነው። በነጭ ጋዝ ብቻ! ቀዳዳውን በሽቦ እንዳትነካኪ፣ ይሰፋል።" አንድ ጠርሙስ ጋዝም ሰጡኝ። በምላሹ አንድ ጆንያ ዕቃ ላጥብላቸው ተስማማን። ወላሂ፣ ሁለትም አጥብላቸዋለሁ።

ኅዳር 9

ሁለት ቀን ሙሉ ፈተግሁ። ትልልቁን ቀዳዳ በዶሮ ላባ፣ ትንንሹን በፈረስ ጭራ። በአፌም ነፋሁበት፤ ምላሴ እስካሁን ጋዝ ጋዝ ይላል። ወደ ፀሐይ አንስቼ አሻግሬ አየሁ። ብርሃኑ ያልፋል። ማንንም አልጠየቅሁም… ጠርቷል።

ኅዳር 11

ነዚፍ ካርቡራተሩን ሊገጥም ሲል ሥሩ የሚነጠፈው ወረቀት ጠፋ። ጓርኒሲዮን ይሉታል፤ አየር እንዳያስገባ ነው። ገበያውን ዞሮ አጣ። ቤት ገባና አንድ ወፍራም ወረቀት ይዞ ወጣ። በመቀሴ ይቆርጠው ጀመር። ሐምራዊ ማኅተም አየሁበት።

"ምንድነው እሱ?"

"የአሰቡ ደብዳቤ። ትናንት መጣ። ተቀብለውኛል።"

"አብደሃል! ሞተሩ እኮ ገና አልተነሳም! ባይነሳስ?"

"ያጠብሽው አንቺ አይደለሽ?" አለኝ። ቀና እንኳ አላለም።

እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት በትዳር ኖረን እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ አያውቅም። "ኢትዮጵያ ትቅደም" የሚለው ቁራጭ መሬት ወድቆ ራዚያ አፏ ልትከተው ስትል ነጠቅኋት። የመንግሥት ወረቀት መቅደዳችን ቢታወቅ ያሳስራል፤ ይሄን ደብተር ደህና አድርጌ መደበቅ አለብኝ… የኃላፊው ፊርማ ግን ካርቡራተሩ ሥር ገባ።

በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ሦስታችንም ወጣነው።