አብረው የከረሙት ማማለያዎች

ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? መኸር ላይ ስትሄድ ይዞህ የነበረው ሳል ተወህ? የምትሠራበት ፋብሪካ ውስጡ ሙቅ ነው ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው፤ ሲበርድ ብቻ ቀኝ ትከሻው ይይዘዋል። አመመህ ወይ ሲሉት ግን “የምን ትከሻ?” ይላል። ጀልባዋም ደህና ናት።

በረዶው ከሐይቁ ላይ ከለቀቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ውሃው አሁንም እጅ ያደነዝዛል። ባስ ዓሦቹ ከጥልቁ ወደ ድንጋያማው ጫፍ መውጣት ጀምረዋል፤ ግን እንደምታውቀው በዚህ ወቅት ሰነፎች ናቸው፤ አፋቸው ላይ ካላረፈላቸው ምንም ነገር አያሳድዱም።

የምነግርህን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ ስላልያዝኩ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ አትፍረድብኝ።

ስትሄድ ሠላሳ አንድ የዓሣ ማማለያ ትተህ ነበር። ጋራዡ ውስጥ በአሮጌው ድስት ፕላስቲክ አቅልጠህ ያፈሰስካቸውን፣ አረንጓዴም ቡናማም የማይባሉትን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውን። ማለስለሻ ስለምታበዛባቸው በብርድ ውሃ እንኳ አይጠነክሩም፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ይታጠፋሉ። አባዬ ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አውጥቶ የበረዶውን ወቅት ሙሉ አልነካውም። አልጣለውምም። ስምህን አንስቶ አያውቅም።

እኔ ግን ዓሣ ለማጥመድ አባዬን የሚቀጥሩት የዓመቱ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሲመጡ እንደሚያወጣቸው አውቅ ነበር። ዓሣው ይቦጭቃቸዋል፣ የተረፉትን ድንጋይ ያስቀራቸዋል፣ ከዚያ ምንም ያንተ ነገር ቤት ውስጥ አይኖርም። ሳትመለስ እንዲያልቁ አልፈለግሁም። ስለዚህ ገና በረዶው ሳይለቅ፣ የማጥመጃ ዕቃ ከሚሸጡት ከዶሪን ሱቅ ሄጄ ያንተን የሚመስሉ ገዛሁ፤ እነዚያን አዲስ የመጡትን፣ ስትስባቸው የሚለጠጡትን። አባዬ ሳይለያቸው እነሱን እያነሳ ያንተን እንዲያተርፍ ብዬ እዚያው ሳጥንህ ውስጥ ቀላቀልኳቸው።

ማሸጊያው ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ከሌላ ዓይነት ማማለያ ጋር አታስቀምጡ፣ ይቀላለጣሉ ይላል። አላነበብኩትም። ወይም አንብቤዋለሁ። ግራ የሚያጋባኝ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ተናድጄብህ ነበር። ከአባዬ ተጣልተህ ሳትሰናበተኝ ስለሄድክ፣ ጀልባው ላይ ያንተ ቦታ ለኔ ስለቀረ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ስለማልወድ። ስቀላቅላቸው ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የምን ደስታ እንደሆነ ግን አሁን መለየት አልቻልኩም።

እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አባዬ ሳጥኑን አወረደ። ሲከፍተው ሁሉም ቀልጠው፣ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ከረሜላ አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ያንተም የኔም አይለይም። ጣቱን ነከረና አሸተተው።

“አየሽ?” አለኝ። “ወንድምሽ የሠራውን ሥራ አየሽ? ነዳጅ አፍስሶባቸው ነው የሄደው። እኔ እንዳልጠቀምባቸው።”

ሳጥኑን ተቀብዬ ከደንኩት። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር።

እንግዶቹ ከሚልዋኪ ከተማ የመጡ ሁለት ጎልማሶች ናቸው፤ ዋርድ የሚባል ወፍራምና አንድ ዝምተኛ አማቹ። አባዬ ከሱቅ የገዛቸውን ተራዎቹን ማማለያዎች አሰረላቸው። በዚያ ብርድ እንደ ሻማ ደረቁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም አልተነካም። ዋርድ የማጥመጃ ዘንጉን ወደ ላይ እየነጠቀ ሲያስቸግር አባዬ “ጌታዬ፣ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳህ ነው እንዴ? ተወው፣ ይተኛ!” አለው።

“የሚተኛውማ እኔ ነኝ፣” አለ ዋርድ። “ልጅህ የሚያፈስሳቸው የሚባሉት ማማለያዎች የታሉ? ለነሱ ብለን አይደል የመጣነው?”

“ልጄ አበላሽቷቸው ሄደ።”

“ለዓሦቹ ጠበቃ ቆሞላቸው ነዋ!” ብሎ ዋርድ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አባዬ አልሳቀም። “ጠበቃ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ቂመኛ ነው፣” አለ።

እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ኪሴ ውስጥ ከሚለጠጡት ማማለያዎች ሁለት ቀርተውኝ ነበር። አንዱን ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም፤ እጄን የማሳርፍበት ስላጣሁ ይመስለኛል። ትንሿን ማስጠሚያ አሰርኩበትና ወደ ድንጋዩ ጫፍ ወረወርኩት። የሐይቁን ወለል ሲነካ ክሩ ላላ አለ። ያኔ እንዳስተማርከኝ ሳልነቀንቅ ተውኩት። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። የዘንጉን ጫፍ ትንፋሽ ያህል አነሳሁት፣ አሳረፍኩት፣ ደግሞ ሃያ። እነዚህ ጭራቸው ከወለሉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓሣው ዝም ብለህ ብታቆይለት ራሱ ይመጣል። በሦስተኛው ሃያ ላይ ክሩ ከበደኝ። መታኝ አልልህም፤ እርጥብ ቅጠል የተንጠለጠለበት ያህል ብቻ።

ያወጣሁት ባስ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል። ጀርባው እንደ ነሐስ ያብረቀርቅ ነበር።

“አንቺ ዝምተኛ!” አለ ዋርድ፣ “ምን ሹክ ብለሽው ነው? ለኛም ንገሪን እንጂ!”

አባዬ መንጠቆውን ከአፉ አወለቀና ዓሣውን ቀስ ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ማማለያዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳባት። ተለጠጠች። ለቀቃት፣ ደግሞ ሳባት።

“ይሄ ከየት መጣ?” አለኝ።

ከዶሪን ሱቅ አልኩት። መቼ ብሎ ጠየቀኝ። ቀደም ብሎ አልኩት። ክር አያያዙን ከማን እንደተማርኩ አልጠየቀኝም። ሁለተኛዋን ለዋርድ አሰረለት።

አወቀ አልኩ። ልቤን እንኳ ቀለል አለኝ። በማግስቱ ግን ዶሪን ሱቅ ገብተን “ያ የኔ ጉድ ነዳጅ አፈሰሰባቸው እኮ” ሲላቸው ሰማሁት። ዶሪን እኔን አዩኝ። እኔ የማጥመጃ ትል ማቀዝቀዣውን አየሁ። አባዬ ወደ መኪናው ሲወጣ ጠጋ አሉና “አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ዓሣ በላው? የሸጥኩልሽን እኔ አውቃለሁ። እኔ ግን አልነግርልሽም፣” አሉኝ።

ስለዚህ ይኸው። አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ። ሠላሳ አንዱንም ያቀለጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያም ባንተ ላይ ሲነገር ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ለአባዬ እስካሁን አልነገርኩትም። ፊቱ ስቆም ቃሉ ይጠፋኛል፤ ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ይመጣል። ዶሪን ያለህበትን አውቃለሁ ስላሉ ነገ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። ይቅር በለኝ።

እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። በጀልባዋ የገባውን የዝናብ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ወረቀቶቹ እንዳስቀመጥኳቸው አልነበሩም። አጠገባቸው ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አገኘሁ። አድራሻህ ከነቤት ቁጥሩ ተጽፎበታል። እኔ አልጻፍኩትም፤ ጽሕፈቱን ስታየው ታውቀዋለህ። ወደ ዶሪን መሄድ አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይም በዚያው ጽሕፈት በእርሳስ አንድ መስመር ተጽፎ ተሰርዟል። ስርዙ ስስ ነው፣ ይነበባል። ማማለያ ሲፈስስ ማለስለሻው ስንት እንደሚገባበት ይጠይቃል። መልሱን የምትልከው ለኔ አይደለም።

አሁን አባዬ ከውጭ እየጠራኝ ነው። “ነይ እንጂ፣ ነፋሱ ሳይነሳ!” ይላል። የተቆጣ ድምፅ ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ።

ፈጣሪ ከብርድ ይጋርድህ። እጅህን ከማሽን፣ ደረትህን ከሳል ይጠብቅልህ። የሚያስቡልህ ሰዎች በዙሪያህ አይጥፉ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ