የእማ ቀሚስ ኮሌታ

ሰመራ ላይ ለምትቃጠለው ወንድሜ ለኢርፋን፦

አሰላሙ አለይኩም። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ፒያሳም የነሐሴ ዝናቧን እያወረደችው ነው።

አባባን ታውቀዋለህ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ሲሰፋ እማን ለክቷት አያውቅም። «ልኳን በቃሌ ነው የማውቀው» ይላል። ለመውሊድ የሰፋላት ቀሚስ ግን ወገቡ ጆንያ ሆነባት፤ ኮሌታው ደግሞ አልቆለፍ አለ። «ሜትሩ ተለጥጦ ነው» ብሎ ዕለቱን ከቸርችል ጎዳና አዲስ ገዝቶ መጣ። ሜትር ወገብ ላይ ተለጥጦ አንገት ላይ ይኮማተራል እንዴ?

ነገሩ ስላልገባኝ እማን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ለካ አንገታችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀትና የልብን ምት የሚያዝ እጢ አለ! እሱ ከልክ በላይ ሲሠራ አንገት ያብጣል፣ ሰው እየበላ ይከሳል፣ በዚህ ብርድ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ትንሽ ነገር ይህን ሁሉ ማድረጓ አይገርምህም? እማ ኪኒን ጀምራለች፤ ይስተካከላል ተብሏል።

ሐኪሙ «በዘር ይሄዳል፤ ከልጆቿ የሚያልበው አለ?» ሲለኝ፣ «አንዱ ሰመራ ነው ያለው፣ እንዴት አያልበው!» ብዬ አሳቅሁት።

ሸሚዝ ልኬልሃለሁ፤ ኮሌታው ከጠበበህ ቶሎ ጻፍልኝ። ለእኔ ቀሚስ አባባ ሊለካኝ ቢል «በቃልህ ስፋው» አልኩት።

እማም አባባም በናፍቆት ሰላም ብለውሃል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ኢክራ

ጽሑፌ ተንቀጥቅጦ ለማንበብ ካስቸገረህ፣ እስክሪብቶው ነው። ነገ አዲስ እገዛለሁ።