በዓሣው ገንዳ ውስጥ ስለ ነበሩት ቅጠሎች

ልጄ፣

ከመስክ ሥራ ስትመለስ የዓሣው ውኃ ጠርቶ ታገኘዋለህ። አትደንግጥ፤ መብራቱንም አታብራ፤ ጥግ ይዘው የቆሙትን ዓሣዎች ብርሃኑ ያስደነግጣቸዋል።

ያጠራሁት እኔ ነኝ።

«አጎቴ፣ ይህ እኮ እድፍ አይደለም፤ ደረቁ ቅጠል የለቀቀው ቀለም ነው። ዓሣዎቼ ሻይ እየጠጡ ነው» ብለህ አሥቀኸኝ ነበር። ነገር ግን ትናንት የማኅበራችን ሰዎች ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ስሰማ ቡናማው ውኃ አሳፈረኝ። ቅጠሉን ሁሉ ለቅሜ ጣልሁ፤ ውኃውንም በአዲስ ለወጥሁ።

እንግዶቹ «እንዴት ያምራል!» ሲሉም ዝም ማለት አቃተኝ። «ልጁ ቸል ብሎት ነበር፤ እኔ ነኝ ያጸዳሁት» አልኋቸው።

ሐሜት ነፍስን እንደሚያረክስ ስንቱን ሳስተምር የኖርሁ ሰው!

ዛሬ ጠዋት ቆሻሻውን ልደፋ ስል፣ ከአንዱ እርጥብ ቅጠል ሥር ያ ስትጠብቀው የነበረው የዓሣ እንቁላል ተጣብቆ አየሁ። ቅጠሉን ወዲያው ወደ ውኃው መለስሁት። ሕይወት ይኑረው አይኑረው ግን ቀርቤ ለማየት አልደፈርሁም።

የቀሩትን ቅጠሎች አንተ እንደምታደርገው ቀቅዬ በድስቱ ውስጥ አቀዝቅዣቸዋለሁ። አንተው በእጅህ ጨምራቸው፤ የእኔን እጅ አላመንሁትም።

ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ስምህን ያጎደፈው አፍ ራሱ ያቃናው ብዬ ወደ እንግዶቹ ቤት፣ ወደ እያንዳንዳቸው፣ ሄጃለሁ። ስመለስ፣ እኔ ራሴ እስክጠይቅህ ድረስ፣ ስለ እንቁላሉ አትንገረኝ።

አጎትህ