ለቤትህ የተቆፈረው ጉድጓድ

ቦንጋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጅዳ ላለኸው ልጄ ሉቅማን፤ አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ የያዝከውን ሁሉ ቀና ያድርግልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል።

ለቤትህ መሠረት ብለን ከጓሮ ያስቆፈርነው ጉድጓድ አራት ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲያቁር ኖረ። በጋ ላይ አባትህ በሲሚንቶ አስለሰነውና መምህር ተድላ ከጅማ በባልዲ ያመጡለትን ዓሣዎች ለቀቀበት። የማይበላ ዓሣ ምን ይሠራል ብዬ ተቆጥቼው ነበር። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቀለም በዕድሜዬ አላየሁም። አንዱ እንደ ደረሰ ቡና ቀይ ነው፤ አንዱ ነጭ ሆኖ ጀርባው ላይ ወርቅ የፈሰሰበት ይመስላል። አባትህ ሲያጨበጭብ ተግተልትለው ይመጣሉ። ሱብሓነላህ እያልኩ ሳያቸው ወጥ ሁለት ጊዜ አረረብኝ። ጎረቤታችን እትዬ አፀደም እነሱን ሳያዩ ገበያ አይወርዱም።

አባትህ ከጉድጓዱ ሥር ወደ ቁልቁለቱ ቱቦ ቀብሯል። ለምን ስለው፣ «ሉቅማን ቤቱን ልሥራ ካለ ውሃው በአንድ ቀን እንዲፈስ ነው» አለኝ።

ምግብህን በሰዓቱ ብላ። አላህ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ። ብቻ የምትመጣበትን ወር ጻፍልኝ፤ ቱቦውን እኔው እከፍተዋለሁ።

እናትህ ሀኪማ